የእማዬ የሥራ ስልክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

እማዬ፣

አዎ፣ ደርሻለሁ። አዎ፣ ሹራቤን ለብሻለሁ። አይ፣ ሻንጣዬ አልጠፋም። ገና ሳትጠይቂኝ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ መለስኩልሽ። ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ፊትሽን እንዳጨማደድሽ ይታየኛል፤ እሺ፣ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ? ሆስፒታል ሄድሽ? በደንብ ትበያለሽ? ደረጃውን ስትወርጂ መደገፊያውን ትይዣለሽ?

ከአውሮፕላን እንደወረድኩ ብደውልልሽ "ይህ የሥራ መስመር ነው፤ የምትነግሪኝ ካለሽ ጻፊ" ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ጡረታ ከወጣሽ አራት ዓመት አልፎሽ የምን የሥራ መስመር እንደሆነ አንድ ቀን ታስረጂኝ ይሆናል። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ስታድል የኖረች ሴት ከስልክ ይልቅ ደብዳቤ ቢሻላት አይገርምም ብዬ ትቼዋለሁ። እኔ በኮምፒውተር እጽፋለሁ፣ የፎቶ ኮፒዋ ልጅ አትማ ትሰጥሻለች፤ አንቺ በእጅሽ ጽፈሽ ትሰጫታለሽ፣ እሷ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። እንዳታነበው ብትቆጪያትም ማንበቧ አይቀርም። ሰላም በዪልኝ።

ስለ ቦታው እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ዙሪያውን ትናንሽ ክፍሎች አሉት። አምስት ቀን ሥልጠና ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ዋናው ጉባኤ ይሆናል። የመጣው ሁሉ እንደ እኔ ሶፍትዌር የሚሠራ ነው። በአንገታችን ስማችንንና መሥሪያ ቤታችንን የያዘ ካርድ አንጠልጥለናል፤ ሰዉ ሲያወራሽ ዓይንሽን ትቶ ደረትሽን ያነባል። ከዕውቀት በፊት የምንሻማው ሶኬት ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክከው የላፕቶፓቸውን ገመድ ሲሰኩ አይቼ እኔም አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

የኔ ክፍል ሥልጠና "የራስን ስህተት መፈለግ" የሚል ነው። አሠልጣኙ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ራሰ በራ ሰው ነው። ሲጀምር "ስህተት ሠርቶ የማያውቅ አለ?" ብሎ ጠየቀ። አንድ ጎረምሳ እጁን አወጣ። "አንተ ገና ሥራ አልጀመርክም ማለት ነው" አለው። ወደድኩት።

ሁለት ዓመት ለምኜ ያገኘሁት ዕድል ስለሆነ እንቅልፌ ቢመጣም አላንቀላፋም። አንቺም ራስሽን ጠብቂ።

ልጅሽ

•

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለልጄ ለችኩሌ፣

በመጀመሪያ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ተመስገን። አየሽ፣ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው። ሁለት መስመር ነው፤ አያደክምም።

ስለ ጉልበቴ ለጠየቅሽኝ፣ መደገፊያውን እይዛለሁ። ስለ ሆስፒታሉ ለጠየቅሽኝ፣ ሄጃለሁ፣ አይተውኛል፣ የሚቀባ ሰጥተውኛል። ሌላ የሚወራ የለም። ስለ ምግብ ለጠየቅሽኝ፣ እበላለሁ። አንቺ ልጄ ነሽ ወይስ መርማሪ ፖሊስ?

ጠዋት ሥራ ነበረብኝ። ሁለት ሰፈር ደርሼ ስመለስ የፎቶ ኮፒዋ ልጅ ደብዳቤሽን እጇ ላይ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ "ሰላም ብላኛለች" አለችኝ። ገና ሳልቀበላት እንዴት አወቅሽ ብላት "ወረቀቱ ሲወጣ ዓይኔ ገባበት" አለች። እኛ በሥራ ዘመናችን ፖስት ካርድ እንኳ ገልብጠን ነበር የምንይዘው። እሷ ግን ጥሩ ልጅ ነች፤ ወረቀቱን ሳታጥፍ ነው የምትሰጠኝ።

ሶኬት ለማግኘት መንበርከክሽን አልወደድኩትም። ቀድመሽ ገብተሽ ግድግዳ አጠገብ ተቀመጪ። ያልገባሽን ደግሞ ጠይቂ። ልጅ ሆነሽ መምህሯ "ገባችሁ?" ስትል ከሁሉ ቀድመሽ "ገብቶናል!" ብለሽ ትጮሂ ነበር፤ ቤት መጥተሽ ደግሞ እኔን ትጠይቂኛለሽ። እዚያ የለሁም።

በይ ደህና ሁኚ። ስለ እኔ አታስቢ።

እናትሽ

•

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

እማዬ፣

ቸኩዬ ነው የምጽፍልሽ፤ ሰላምታውን ይቅር በዪኝ። እኔ ደህና ነኝ። የደነገጥኩት በራሴ ነው።

ዛሬ ጠዋት አሠልጣኙ ከየመሥሪያ ቤታችን ይዘነው የመጣነውን ሥራ እንድንከፍት አዘዘን፤ ኮምፒውተሩ ምን ምን እንዲያደርግ የጻፍንለትን ትእዛዝ ማለቴ ነው። "አሁን ውስጡ የእውነተኛ ሰው ስልክ ቁጥር እንዳለ ፈልጉ" አለን። አንዳንዴ ፕሮግራም ስንሞክር የምናውቀውን ሰው ቁጥር እናስገባና ማጥፋቱን እንረሳለን። ፊት ለፊቴ ያለው ጎረምሳ የቀድሞ እጮኛውን ቁጥር አገኘ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አጠገቤ ያለችው የባሏን አገኘች። እኔ "የኔ ንጹሕ ነው" እያልኩ በኩራት ፈለግሁ። አንድ መስመር መጣ። ያንቺ ቁጥር ነው።

ክው ብዬ ቀረሁ። ሌላው ሲስቅ እኔ መስመሩን ደጋግሜ አነበብኩት።

ከአራት ዓመት በፊት ለሰፈራችን ሆስፒታል የሠራነውን ፕሮግራም ታስታውሺያለሽ? ለታካሚ መልእክት ይልካል፤ ውጤትዎ ደርሷል፣ ቀጠሮዎ ተለውጧል፣ መድኃኒትዎ መጥቷል፣ እንዲህ እያለ። በሙከራው ጊዜ ስልክ የሌለው ታካሚ ሲመጣ ፕሮግራሙ ቀጥ እያለ አስቸገረኝ። በነጋታው ማስረከብ ነበረብን፤ ቸኮልኩ። ስልክ የሌለው ሰው ሁሉ መልእክቱ ወዳንቺ እንዲሄድ አደረግሁና አጠገቡ ለራሴ ማስታወሻ ጻፍኩ፦ "ለጊዜው ነው፤ ነገ አጠፋዋለሁ።" ያ ነገ አራት ዓመት ሆነው። ጽሑፉ የኔ ነው፤ በማንም ላላክክ አልችልም።

ያን ቀን "እማዬ፣ ስልክሽን ለሥራ ልጠቀምበት?" ብዬሽ "ተጠቀሚበት" እንዳልሽኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳሁብሽም።

እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ። የማታውቂያቸው ሰዎች መልእክት ይመጣልሻል? አጥፍተሻቸው ከሆነ አልቆጣም፤ ማን ይቆጣል፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ስልክ የሌለው ሰው ውጤቱ ደርሶ፣ "ቶሎ ና" ተብሎ፣ ሳይሰማ ቀርቶ እንደሆነስ? በአራት ዓመት ስንት ሰው ይሆናል? ምሳ አልበላሁም። ቶሎ መልሺልኝ።

ልጅሽ

•

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ ለችኩሌ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ምሳሽን ብዪ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አልገባኝም። መልእክት ይመጣልሻል ወይ ትዪኛለሽ? ራስሽ ሰጥተሽኝ! ቀልድ ከሆነ አያስቅም።

ያን ጊዜ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ልብሴን ለብሼ መስኮት ላይ ተቀምጬ አዲሱ ፖስታ አዳይ ሲያልፍ አይ ነበር። አረማመዱን አልወደውም፤ በር ሲያንኳኳ በእግሩ ነው። ሰው ሁሉ "አሁን እረፊ" ይለኛል፤ ዕረፍቱ ግን ሊገድለኝ ነበር። ላንቺ አልነገርኩሽም። ከዚያ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ባየው የሌላ ሰው ስምና የካርድ ቁጥር፣ "የምርመራ ውጤትዎ ደርሷል፣ ይቅረቡ" ይላል። ስሙን አወቅሁት፤ ከጋራዡ ጀርባ ያለው በያጅ ነው። ልጄ ጭንቀቴን ሳልነግራት አይታ ሥራ ፈለገችልኝ ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ቦርሳዬን አንግቤ ሄድኩ።

በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ "ማን ላከሽ?" አለኝ። ሆስፒታሉ አልኩት። ደብተሬ ላይ አስፈረምኩት። በነጋታው ሄዶ ሳንባው ታየ፤ ዛሬም አለ፣ ሲያየኝ እሳቱን ያጠፋና ይነሳል።

አንድም አላጠፋሁም። ምን ቆርጦኝ! የሰው መልእክት እጄ ገብቶ? ሠላሳ አንድ ዓመት ያደልኩበት ሰፈር ነው፤ የማላውቀው ስም ሲመጣ ባለ ሱቆቹን እጠይቃለሁ። ቤት የለቀቀ ካለ ወደየት እንደሄደ እከታተላለሁ። አንዲት ልብስ አጣቢ ሴት ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ መድኃኒቷ አልቆባት ነበር። በር ላይ የምናገረው መልእክቱ የሚለውን ብቻ ነው፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ ለጎረቤት አልናገርም። መስመሩን በወሬ አትያዢው የምልሽ ለዚህ ነው፤ እያወራን ሳለ የሰው መልእክት ቢያልፈኝስ?

ደሞዝ የለውም፤ አልጠየቅሁሽም። አንቺም ስለ ሥራው ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ የሆስፒታል ምስጢር ስለሆነ ነው ብዬ አከበርኩሽ። እንግዲህ ስህተት የምትዪው የትኛውን ነው?

እናትሽ

•

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

እማዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ዛሬ የምር ነው የምልሽ፤ ከትናንት ጀምሮ እጅ እየነሳሁሽ ነው።

ደብዳቤሽን ሥልጠናው ላይ፣ ስልኬን ጠረጴዛ ሥር ደብቄ አነበብኩት። ሳላስበው "ወይኔ እናቴ!" ብዬ ጮህኩ። አሠልጣኙ ንግግሩን አቆመ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ተነስቼ ነገርኳቸው፤ ስህተቴን፣ አራት ዓመቱን፣ ቦርሳሽን፣ በያጁን። ትናንት በእጮኛው ቁጥር ሲያስቅ የነበረው ጎረምሳ አንገቱን ደፋ። አሠልጣኙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሰኞ ከገባን ጀምሮ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ሃያ ዓመት ይህን አስተምሬአለሁ፣ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም" አለ።

እማዬ፣ የትኛው ነው ስህተቱ ብለሽኛል። ልዋሽሽ አልችልም። ሥራ አልፈለግሁልሽም። ጭንቀትሽን አላየሁም። መስኮት ላይ እንደምትቀመጪ አላወቅሁም፤ ማወቅ ነበረብኝ። ቁጥርሽ እዚያ የቀረው ስለረሳሁት ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ ፊቴ በእፍረት እየነደደ ነው።

ወዲያው ላጠፋው ብዬ ስነሳ አሠልጣኙ ያዘኝ። "ምንም ከመንካትሽ በፊት ቁጠሪ። ስንት ወጣ፣ ስንት ደረሰ። ያልደረሰ ካለ መጀመሪያ እሱን ፈልጊ" አለኝ። ለአለቃዬ ደወልኩ። እሱ ለሆስፒታሉ ደወለ፤ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ መዝገቡን አወጣ። ስም የለበትም፤ ቀንና የካርድ ቁጥር ብቻ ነው። ወዳንቺ የሄደው መልእክት አራት መቶ አሥራ ስምንት ነው።

አራት መቶ አሥራ ስምንት ሰው፣ በዚያ ጉልበት!

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ደብተርሽ ላይ ስንት ፊርማ እንዳለ ቁጠሪልኝ። አንድ ሰው እንኳ ሳይሰማ ቀርቶ ከሆነ በኔ ችኮላ ነው፤ ያን ሰው ሳላገኝ አልተኛም።

ልጅሽ

•

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ለልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ደብዳቤሽን ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ልጅቷ ወንበር አመጣችልኝ። ቀድማ አንብባዋለች መሰለኝ።

ስለዚህ አልሰጠሽኝም። ረስተሽው ነው። አራት ዓመት ሙሉ በር ባንኳኳሁ ቁጥር "ልጄ ነች ያሰማራችኝ" እያልኩ ነበር፤ ለሰው አልናገርም፣ በሆዴ ነው። ዝናብ ሲመታኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ትናንት ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ሳየው አፈርኩ። ማንም ሳይቀጥረኝ የሰው በር ሳንኳኳ የኖርኩ አሮጊት መሆኔ ነው። ሆድ ባሰኝ። እንደ ባሰኝም ልንገርሽ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ በኋላ "ቅር አላላትም" ብለሽ እንዳትረሺው።

አልረግምሽም። እውነቱን መናገርሽ ጥሩ ነው። ብትዋሺኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሰጠሽኝም ረሳሽውም የበያጁ ሳንባ ታይቷል። ልብስ አጣቢዋም መድኃኒቷን ወስዳለች። ይህን ለራሴ ሌሊቱን ስነግረው አደርኩ።

የፎቶ ኮፒዋ ልጅ ቀኑን ብቻ እየጻፈችልኝ ደብተሩን ቆጠርኩት፤ አራት ደብተር ነው፣ ሦስቱ አልቀዋል። ፊርማና የጣት አሻራ በጠቅላላው አራት መቶ አሥራ ሰባት ነው። አንዱ አድራሻው አልተገኘም። በፖስታ ሥራ ያለ ነገር ነው፤ አትጨነቂበት። አሠልጣኝሽንም እንዲህ በዪው።

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሥልጠናው አለቀ ማለት ነው። ነገና ከነገ ወዲያ ያለውን ጉባኤ በደንብ ተከታተዪ። ሁለት ዓመት የለመንሽበት ነው። የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ ወይ? ከሰጡ እንዳይታጠፍ መጽሐፍ ውስጥ አድርጊው።

እናትሽ

•

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

እማዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ይቅርታዬም። ሆድሽ መባሱ ተገቢ ነው፤ ስመለስ ፊትሽ ቆሜ የምትዪውን ሁሉ እሰማለሁ። "ማንም ሳይቀጥረኝ" ያልሽውን ግን አልቀበልም። ከኔ ጋር ሠላሳ ሰው ነበር ክፍሉ ውስጥ፤ ሁሉም አንቺ እናቱ ብትሆኚ ደስ ይለው ነበር። ምስክር ወረቀቱን ሰጥተውኛል፤ አላጠፍኩትም።

አሁን ዋናው ጉባኤ ተከፍቷል። አዳራሹ ውስጥ ሺህ ሰው ያጨበጭባል፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ። ያቺ ያልተፈረመባት አንዷ መልእክት አልለቀቀችኝም። አድራሻው አልተገኘም አልሽኝ። አንቺ? ልብስ አጣቢዋን ሦስት ቀን የፈለግሽ ሴት? እኔ እንኳ ልጅ ሆኜ ጓደኛዬ ጋ ስደበቅ በአሥር ደቂቃ ታገኚኝ ነበር።

ስለዚህ ደብተርሽ ላይ ያሉትን ቀኖች የፎቶ ኮፒዋን ልጅ ላኪልኝ አልኳት፤ ሳላስፈቅድሽ ነው፣ ተቆጪኝ። ከሆስፒታሉ መዝገብ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩት። ያልተፈረመባት የመስከረም 9 መልእክት ነች። "የምርመራ ውጤትዎ ደርሷል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ሳይዘገዩ ይቅረቡ" ትላለች። ሃያ ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ባለሙያው ስም አልነግርም ብሏል፤ ልክ ነው። ግን የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የጻፈው ማስታወሻ ካለ አንብቦ ሊነግረኝ ቃል ገብቶልኛል፤ ምናልባት አድራሻ ይኖረው ይሆናል። ያን ሰው እኔው ራሴ

ቆይ፣ እየደወለ ነው።

እማዬ።

ሴት ነች አለኝ። ዕድሜ ስልሳ ሦስት። ሰፈሩ የኛ ነው። ከዚያ ማስታወሻውን አነበበልኝ። ካርድ ክፍሉ ቃል በቃል የጻፈው ይህን ነው፦ "ስልክ አላቸው፤ የሥራ ስልክ ስለሆነ ለግል ጉዳይ አልሰጥም ብለዋል።"

አንዴ ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ። ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

ምን ነበር የመረመሩሽ? ለምን አልነገርሽኝም? ደወልኩልሽ፤ አታነሺም። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። እማዬ፣ እባክሽ።

•

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፣ ማምሻ

ለልጄ ለችኩሌ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህን ወረቀት የፎቶ ኮፒዋ ልጅ እንዳታየው ዞር በዪ ብዬ ራሴ ነው የማነሳው። ፊደሉ ከደበዘዘ ለዚያ ነው።

ነሐሴ ላይ ስታጠብ ብብቴ ሥር እብጠት አገኘሁ። ሆስፒታል ሄድኩ፣ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ካርድ ክፍሉ ስልክ ሲለኝ በመሥሪያ ቤት ዕቃ የግል ጉዳይ አይሠራም ብዬ አልሰጠሁም። መልእክቱ ዞሮ እዚያው ስልክ ላይ እንደሚመጣ እንዴት አውቃለሁ? መስከረም 9 ጠዋት ጮኸ። የማን ይሆን ብዬ መነጽሬን አደረግሁ። ስሜ ነው። ደንግጬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት።

ፖስታ ቤት ሳለን ደንብ ነበረን። ላንቺ የመጣ ደብዳቤ በራስሽ ከረጢት ውስጥ ቢገኝ አንቺ አትወስጂውም፤ ለሌላ አዳይ ይሰጣል፣ እሱ ቤትሽ ድረስ አምጥቶ ያስፈርምሻል። በራስ እጅ ለራስ ማደል ነውር ነው። እኔም ይህን ደንብ ያዝኩ። ሌላ አዳይ እንደሌለ እያወቅሁ ያዝኩት።

እውነቱን ከፈለግሽ ደንቡ ሰበብ ነው። ፈራሁ። እናቴ እንዲህ ባለ እብጠት ነው የሞተችው፤ አንቺ አላየሽም፣ እኔ አይቻለሁ። ደግሞ የጉዞሽ ወረቀት በዚያው ሳምንት ነበር የመጣው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ስትዘዪ አየሁሽ። ብነግርሽ ትቀሪያለሽ። ስትመለስ እነግራታለሁ አልኩ። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ አሁን ዘግይቻለሁ፣ ምን ዋጋ አለው አልኩ። በነዚህ ሃያ ዘጠኝ ቀናት የስድስት ሰው መልእክት አድርሻለሁ። አንደኛዋ ልክ እንደኔው ውጤቷ ነበር፤ አልሄድም ብላ ስታለቅስ በር ላይ ቆሜ "ይሂዱ እንጂ፣ ነገ ዛሬ አይበሉ" አልኳት።

ስልኩን ያላነሳሁት ድምፅሽን ከሰማሁ ስለማለቅስ ነው። አትቆጪኝ።

እናትሽ

•

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ለካርድ ቁጥር 20716 ባለቤት፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ።

መስከረም 9 ቀን ከሆስፒታሉ የተላከ መልእክት አለዎት። እንዲህ ይላል፦ "የምርመራ ውጤትዎ ደርሷል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ሳይዘገዩ ይቅረቡ።" አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። መልእክቱን ያዘገየችው ፕሮግራሙን የሠራችው ችኩል ልጅ ነች፤ ይቅርታ ትጠይቅዎታለች። የምታደርሰውም እሷው ነች፤ እርስዎ ከረጢት ውስጥ እጅዎን አላስገቡም። ደንቡ አልተጣሰም።

ይሂዱ እንጂ፣ ነገ ዛሬ አይበሉ።

እማዬ፣ የጉባኤው ነገር ይቅር። ዛሬ አውሮፕላን የለም፤ ነገ ሌሊት እነሳለሁ፣ ማክሰኞ ጠዋት ቤት ነኝ። ሆስፒታሉም የሚከፍተው ነገ ነው፤ እኔን ግን አትጠብቂ። ለፎቶ ኮፒዋ ልጅ ደውዬ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ እዚያው ስልኩ ላይ ጮኻ አለቀሰች፣ ከዚያ ሱቋን ነገ እንደማትከፍት ነገረችኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጋ በርሽን ታንኳኳለች፤ በእጇ ነው፣ በእግሯ አይደለም። ደብተርሽን አውጪና ፈርሚላት። ከዚያ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ካርድ ክፍል ሰልፍ ስላለ ቀደም በሉ።

በጣም ፈርቻለሁ። አንቺም ፍሪ፤ እየፈራሽ ሂጂ።

ልጅሽ

•

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ለልጄ ለችኩሌ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደርሶኛል። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ፈርሜ ተቀብያለሁ፤ አምስት ደቂቃ ዘግይታለች።

ይህን ስታርፊ ታነቢዋለሽ ብዬ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሐኪሟ ወጣት ነች። ወረቀቱን አይታ "ወር ሙሉ የት ነበሩ?" አለችኝ። ሥራ ላይ አልኳት። ክፉው ዓይነት ነው አለች። ይድናል አላለችም፤ "ትንሽ ነው፣ ጊዜ አለን፣ ከዚህ በላይ ግን አይባክንም" አለች። ሐሙስ ያወጡታል። የፎቶ ኮፒዋ ልጅ ከኔ ይልቅ እሷ ደንግጣ ውኃ አጠጧት።

ከሐኪሟ እንደወጣሁ ካርድ ክፍል ተመልሼ መዝገቤን አስተካከልኩ። ልጁ ቀና ብሎ "ስልክ ቁጥር?" አለኝ። ያንቺን ሰጠሁት። ስለዚህ የኔ ነገር ከእንግዲህ መጀመሪያ ወዳንቺ ነው የሚመጣው። ሲደርስሽ፣ ክፉም ቢሆን፣ ሳትቀንሺ በር ላይ ቆመሽ ንገሪኝ።

እናትሽ